ሸክላው ውሃ ነበር ይላል፤ ዝናብ ነበር ግን አይልም

ማርስ ላይ ሸክላ አለ። ትንሽም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ማርስ ኤክስፕረስ በተባለችው የአውሮፓ መንኮራኩር ላይ የተጫነ ኦሜጋ የሚባል መሣሪያ ይህን በግልጽ አሳየ። በ2006 ማርስ የደረሰችው፣ ዙሪያዋን እየዞረች የምታጠናት የአሜሪካ መንኮራኩር ደግሞ ክሪዝም በተባለው መሣሪያዋ ቀረብ ብላ ስታይ ሸክላው በሺዎች በሚቆጠሩ ቦታዎች ብቅ ብቅ አለ። አብዛኛው ያለው ከ3.7 ቢሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ባላቸው አለቶች ውስጥ ነው። ዛሬ ማርስ ብርዷ በአማካይ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ አየሯ ከእኛ አየር ከመቶ አንድ እጅ የማይሞላ ግፊት ነው ያለው። ውሃ ሜዳ ላይ ብታፈስ አይቆይም። ታዲያ ያ ሁሉ ሸክላ ከየት መጣ?

ስለዚህ ጉዳይ የሚጻፈውን ሳነብ አንድ ነገር ያበሳጨኛል። «ሸክላ ተገኘ፣ ስለዚህ ማርስ ሞቃትና ዝናባማ ነበረች» ብሎ ባንድ ጊዜ መዝለል። ሸክላ ውሃ እንደነበር ይናገራል፣ እሱ ላይ ክርክር የለም። ግን ውሃው ከሰማይ የወረደ ዝናብ ይሁን፣ መሬት ውስጥ የሚሞቅ ውሃ ይሁን፣ ወይስ ፕላኔቷ ገና ስትፈጠር የከበባት እንፋሎት ይሁን፣ ሸክላ መኖሩ ብቻ አይነግረንም። የትኛው ዓይነት ሸክላ ነው? የት ነው የተቀመጠው? ከምን ጋር ነው ያለው? መልሱ ያለው እነዚህ ውስጥ ነው። እኔ የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ እና ጣና ዙሪያ ያለው መሬት ይህንኑ ጥያቄ በየቦታው ስለሚያነሳ ነገሩ ሩቅ አይመስለኝም።

መጀመሪያ ሸክላ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ልናገር። ጥቁሩን ድንጋይ፣ ባዛልቱን ታውቁታላችሁ። ጢስ አባይ ፏፏቴው የሚወርድበት ገደል እሱ ነው፤ ግማሹ የከተማችን አጥር የተገነባው በእሱ ነው። ውስጡ ሲሊከን፣ ብረት፣ ማግኒዚየም፣ ካልሲየም፣ አሉሚኒየም አለ። ውሃ ሲያገኘው ቀስ እያለ ይበሰብሳል። ከሟሙት ነገሮች የተወሰኑት ከውሃው ጋር ይሄዳሉ፣ የቀሩት ደግሞ እንደገና ተደራጅተው በዓይን የማይታዩ ስስ ንብርብሮች ይሠራሉ። እነዚህ ንብርብሮች ናቸው የሸክላ ማዕድን የሚባሉት። ዋናው ነገር፣ ማዕድኑ ሲሠራ ውሃውን በሰውነቱ ውስጥ አስሮ ያስቀረዋል። ስለዚህ ሸክላ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ የውሃ ቅሪት አለ።

ከጠፈር ሆነው ሊያዩት የቻሉትም በዚህ ምክንያት ነው። የፀሐይ ብርሃን ሸክላ ላይ አርፎ ሲመለስ በኢንፍራሬዱ በኩል ጎድሎ ይመለሳል። 1.9 ማይክሮሜትር አካባቢ ላይ ያለው ጉድለት የታሰረው ውሃ ምልክት ነው። 2.3 አካባቢ ከጎደለ ብረትና ማግኒዚየም የበዛበት ሸክላ ነው፣ 2.2 አካባቢ ከሆነ ደግሞ አሉሚኒየም የበዛበት። ይህቺ ትንሽ የቁጥር ልዩነት ወደ በኋላ ትልቅ ነገር ትሆናለች፣ ያዙልኝ።

አሁን ወደ ጣና ልምጣ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ ወረታ አካባቢ መንገዱ የፎገራን ሜዳ ያቋርጣል። ዋልካ አገር ነው። ክረምት ላይ ውሃው መውረጃ የለውም፤ ይተኛል። ለዚህም ነው ሩዝ የሚበቅለው። ባዛልቱ የለቀቀው ማግኒዚየምና ካልሲየም ከውሃው ጋር የመሄድ ዕድል ስለማያገኝ እዚያው ይቀራል፣ እና ስሜክታይት የሚባለው የሚያብጥ ሸክላ ይሆናል። በጋ ላይ ሂዱና እዩት። መሬቱ ተሰነጣጥቆ እጃችሁን እስከ ክርናችሁ የምታስገቡበት ቀዳዳ ይኖረዋል። አንዱን ጓል ፈልቅቃችሁ ጎኑን ብታዩት በሰው እጅ የተወለወለ ይመስል ያብረቀርቃል፤ ክረምት ሲመጣ ጓሎቹ አብጠው እርስ በእርሳቸው ሲገፋፉና ሲተሻሹ የሚፈጠር ነው። ፎገራ የሚያርሰው አጎቴ «ዋልካ ቀን አይሰጥህም» ይለኛል፤ ዛሬ ካላረስከው ነገ ወይ ጭቃ ነው ወይ ድንጋይ። የኮንስትራክሽን ሰዎች ደግሞ ብላክ ኮተን ነው የሚሉት፣ ስሙን ሲሰሙ ፊታቸው ይለወጣል፣ ምክንያቱም ቆፍረው አውጥተው ሰሌክት በሚሉት በማያብጥ አፈር ካልተኩት ቤቱ በሁለት ሦስት ክረምት ውስጥ ግድግዳው ይሰነጠቃል።

በሌላ በኩል ወደ መራዊ፣ ወደ ቆጋ በኩል ውጡ። ቀይ አፈር ነው። እዚያም ከሥር ያለው ባዛልት ነው። ዝናቡም ያው የክረምት ዝናብ ነው። ግን መሬቱ ውሃ ያሳልፋል። የዘነበው ውሃ ወደ ታች እየሰረገ ማግኒዚየሙን፣ ካልሲየሙን፣ የሲሊከኑንም ብዙ ክፍል እያጠበ ይዞት ይሄዳል፤ የሚቀረው ብረትና አሉሚኒየም ነው። በብዛት የሚሠራው ሸክላ ካኦሊናይት ነው፣ የማያብጠው፣ አሉሚኒየም የበዛበት። ከዚያ ላይ የዛገው ብረት ቀይ ያደርገዋል።

አንድ ዓይነት ድንጋይ፣ ተቀራራቢ ዝናብ፣ ሁለት የተለያየ ሸክላ። ልዩነቱ ውሃው ተኛ ወይስ አለፈ የሚለው ነው። ማርስ ላይ ሸክላ አየሁ የሚል ሰው መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ይህንን ነው፤ የዋልካው ዓይነት ነው ወይስ የቀዩ?

መልሱ፦ አብዛኛው የዋልካው ዓይነት ነው። ብረትና ማግኒዚየም የበዛበት ስሜክታይት። ያ ማለት ውሃው ብዙ አላጠበም፤ ከድንጋዩ ጋር አብሮ ቆየ። እንግዲህ የት ነው የቆየው የሚለው ላይ ነው ሳይንቲስቶቹ የሚለያዩት።

የመጀመሪያው ሐሳብ ሁላችንም የምናስበው ነው። ማርስ ወፍራም አየር ነበራት፣ ዘነበ፣ ውሃ ተኛ፣ አለቱ ከላይ ወደ ታች በሰበሰ። የኦሜጋ ቡድን መሪ ዣን ፒየር ቢብሪንግና ባልደረቦቹ በ2006 የማርስን ታሪክ በማዕድን ሲከፋፍሉ የመጀመሪያውን ዘመን በሸክላ ነው የሰየሙት። የምወደው ሐሳብ ነው፣ ግን ሁለት ችግር አለበት። አንደኛ፣ ያን ጊዜ ፀሐይ ራሷ ደካማ ነበረች፤ ከዛሬው ብርሃኗ 70 በመቶ አካባቢ ብቻ ነበር የምትሰጠው፣ ማርስ ደግሞ ከእኛ የበለጠ ሩቅ ናት። ሁለተኛ፣ ማርስን ያሞቃት ወፍራም የካርቦን ዳይኦክሳይድ አየር ከነበረ፣ ከውሃውና ከባዛልቱ ጋር ተገናኝቶ ብዙ ካርቦኔት፣ የኖራ ድንጋይ ዘመድ፣ መሥራት ነበረበት። ካርቦኔት ማርስ ላይ ተገኝቷል፤ ነገር ግን ሸክላው ካለበት ስፋት ጋር ሲነጻጸር የሚጠበቀውን ያህል አይታይም።

ሁለተኛው ሐሳብ ከሥር ነው የሚነሳው። በ2011 ቤተኒ ኤልማንና ባልደረቦቿ እንዳሳዩት፣ ብዙው የብረትና ማግኒዚየም ሸክላ የሚታየው የሰማይ ድንጋይ መሬቱን መትቶ ከጥልቅ ባወጣው አለት ላይ ነው። ከሸክላው ጋር ደግሞ ክሎራይትና ፕሬናይት የሚባሉ ማዕድናት አሉ። ፕሬናይት ዋናው ምስክር ነው፤ ፕሬናይት በቀዝቃዛ ጭቃ ውስጥ አይሠራም፣ ከ200 ዲግሪ በላይ የሞቀ ውሃ ይፈልጋል። ስለዚህ ውሃው መሬት ውስጥ ተቀብሮ፣ በእሳተ ገሞራ ሙቀት እየተንተከተከ፣ በስንጥቁ ሁሉ እየገባ አለቱን ሸክላ አደረገው ማለት ነው። ከላይ ያለው ሜዳ ያኔ በረዶ ሊሆን ይችላል። ሐሳቡ የካርቦኔቱንም ጥያቄ ያቀለዋል፣ ምክንያቱም ውሃው ከአየሩ ተለይቶ ነበር።

ሦስተኛው ደግሞ ውሃ ከላይም ከሥርም አያስፈልግም ይላል። አላን ሙኒዬ የተባለ ፈረንሳዊና ባልደረቦቹ በ2012 ፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ካለው የሙሩሮዋ ደሴት የወጣ ባዛልት አጠኑ። ቅልጡ አለት ሲቀዘቅዝ ማዕድኖቹ አንድ በአንድ ይጠናሉ፣ ውሃው ግን እስከ መጨረሻው ይቀራል፤ በመጨረሻ በጠጠሩት ማዕድናት መሃል በቀረችው ትንሽ ክፍተት ውስጥ ሸክላ ሆኖ ይወጣል። ድንጋዩ ሲወለድ ሸክላውን ይዞ ይወለዳል። ለአንዳንድ ቦታ ይሠራል ብዬ አስባለሁ፣ ለሁሉም ግን አይመስለኝም፤ ማርስ ላይ ወፍራም የሸክላ ክምችት ያለባቸው ቦታዎች አሉ፣ በድንጋይ ቀዳዳ ውስጥ በቀረ ቅሪት ውሃ ያንን ያህል ማግኘት ይከብዳል።

አራተኛው ነው እኔን እንቅልፍ ያሳጣኝ። ኬቨን ካነን፣ ስቲቨን ፓርማንና ጆን ማስታርድ በ2017 ያወጡት ነው። ማርስ ከ4.5 ቢሊዮን ዓመት በፊት ስትፈጠር ቀልጣ ነበር። ከውስጧ የወጣው ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ላይ ሄዶ ከባድ፣ የሚያቃጥል የእንፋሎት አየር ሆነ፤ ክዳኑ እንደተደፈነ ድስት። የመጀመሪያው ቅርፊት ሲጠነክር በዚያ ግፊትና ሙቀት ውስጥ ነው የጠነከረው። ቡድኑ የማርስን አለት የሚመስል ነገር ላቦራቶሪ ውስጥ ሠርቶ በእንዲህ ያለ እንፋሎት ውስጥ ሲያስቀምጠው በሁለት ሳምንት ውስጥ ሸክላ ተሠራ። ሁለት ሳምንት! ዝናብና ወንዝ ከሚጠይቀው የሺዎች ዓመታት ጋር አስተያዩት። ከዚያ በኋላ ላቫ ፈሰሰበት፣ የሰማይ ድንጋይ ደበደበው፣ ተቀበረ፣ ተሰባበረ፣ እኛ ዛሬ የምናየው ያ የመጀመሪያው ቅርፊት ስብርባሪ ነው ይላሉ። እውነት ከሆነ የማርስ ሸክላ ትልቁ ክፍል ስለ አየር ጠባይ ምንም አይነግረንም፤ የሚነግረን ስለ ልደቷ ነው።

ታዲያ የትኛው? ሁሉም፣ በየቦታው። ይህንን የምለው ለማስታረቅ አይደለም፣ ማስረጃው ራሱ እየተከፋፈለ ስለሚመጣ ነው። ከጥልቅ የወጣው፣ ፕሬናይትና ክሎራይት ያለበት ሸክላ ከሥር የመጣ መሆኑን ማስተባበል ይከብዳል። ማውርዝ ቫሊስ የሚባለው ቦታ ላይ ግን ሌላ ነገር ታያላችሁ። ከሥር ብረትና ማግኒዚየም ያለበት ሸክላ፣ ከላዩ ደግሞ አሉሚኒየም የበዛበት፣ ካኦሊናይትም የሚገኝበት ፈዛዛ ሸክላ። 2.3 ከሥር፣ 2.2 ከላይ። ይህ ከላይ የገባ ውሃ እያጠበ ሲወርድ የሚተወው ቅደም ተከተል ነው። የመራዊን ቀይ አፈር በጥልቅ የቆፈረ ሰውም ከላይ በደንብ የታጠበውን፣ ወረድ ሲል ደግሞ ገና በመበስበስ ላይ ያለውን ድንጋይ ነው የሚያገኘው። እንፋሎትም የመሬት ውስጥ ፍል ውሃም እንዲህ ዓይነት ደረጃ ከላይ ወደ ታች አይሠራም። ስለዚህ ቢያንስ አልፎ አልፎ፣ ቢያንስ በአንዳንድ ቦታ፣ ማርስ ላይ ዘንቧል ወይም በረዶ ቀልጦ ሰርጓል ባይ ነኝ።

ፐርሲቪራንስ የተባለው የአሜሪካ ሮቨርም፣ ማርስ ላይ እየተንቀሳቀሰ የሚያጠናው ተሽከርካሪ፣ ጄዜሮ ክሬተር በሚባለው የሰማይ ድንጋይ በቆፈረው ትልቅ ጎድጓዳ ውስጥ ሲንቀሳቀስ መሬት ላይ የተበተኑ ነጣ ያሉ ትንንሽ ድንጋዮች አግኝቷል፣ አሉሚኒየም የበዛባቸው፣ ካኦሊናይት ያለባቸው። ከየትኛው አለት ተፈንቅለው እንደመጡ አልታወቀም። ግን እንደዚያ እስኪሆኑ ድረስ የታጠቡት በብዙ ውሃ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሰዎች የሚዘነጉት ስለሚመስለኝ። ሸክላ የተገኘበት ቦታና የተሠራበት ቦታ አንድ ላይሆን ይችላል። የፎገራ ዋልካ በሙሉ እዚያው በስብሶ የተሠራ አይደለም፤ ጉማራና ርብ በየክረምቱ ከላይኛው አገር እየጠረጉ ያመጡት ብዙ ነው። ግልገል አባይም ጣና ሲገባ በደለሉ ምላስ እየሠራ ወደ ሐይቁ ይገፋል። ጄዜሮም ይኸው ነው። 45 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ክሬተር ነው፣ ጣናን ግማሽ ያህላል፣ ሐይቅ ነበር፣ ወንዝ ገብቶበት ደለል ተክሎበታል። በደለሉ ውስጥ ያለው ሸክላ ከሐይቁ ብዙ ቀድሞ ሌላ ቦታ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ሐይቁ መኖሩን ሸክላው አላረጋገጠም፤ የደለሉ ቅርጽ ነው ያረጋገጠው።

ጌል በሚባለው ሌላ ክሬተር ላይ ግን ተቃራኒው ነው። ክዩሪዮሲቲ የተባለው ሌላው የአሜሪካ ሮቨር እ.ኤ.አ. የካቲት 2013 ማርስ ላይ የመጀመሪያውን የድንጋይ ቁፋሮ አደረገ። ጉድጓዱ 1.6 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 6.4 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት። ከውስጡ የወጣው ዱቄት ግራጫ ነበር፣ ቀይ አይደለም! የማርስ ቅላት ላይ ላዩን ብቻ ነው። ከድንጋዩ አምስት እጅ አንዱ ገደማ ሸክላ ሆኖ ተገኘ። የሚገርመው ኦሊቪን የሚባለው ማዕድን መኖር ከሚገባው ያነሰ፣ ማግኔታይት የሚባለው የብረት ማዕድን ደግሞ የበዛ ነበር፤ ኦሊቪኑ እዚያው ሐይቁ ጭቃ ውስጥ ተለውጦ ሸክላና ማግኔታይት ሆኗል ማለት ነው። ይህ ሸክላ የሐይቁ ነው። ከዚያ በተጨማሪ ሸክላው ውስጥ የታሰረውን ሃይድሮጅን ሲለኩት ከባዱ ዓይነት በእኛ ውቅያኖስ ካለው ሦስት እጥፍ ያህል ሆነ፤ ዛሬ በማርስ አየር ውስጥ ያለው ግን ስድስት እጥፍ ገደማ ነው። ይህ ማለት ሸክላው ሲሠራ ማርስ ቀላሉን ሃይድሮጅን ወደ ጠፈር ማጣት ጀምራለች፣ ገና ግን ብዙ ይቀራት ነበር።

እዚያው ጌል ውስጥ ሮቨሩ ወደ ተራራው ከፍ ሲል ያገኘው ስንጥቅ ደግሞ አለ፤ በ2023 ነው የታተመው። ባለ ስድስት ጎን ቅርጽ የያዘ፣ እያንዳንዱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር የሚሆን። ጭቃ አንዴ ብቻ ሲደርቅ ስንጥቁ እንደ «ቲ» ፊደል ነው የሚገናኘው። ደጋግሞ ሲርስና ሲደርቅ ነው መገናኛው እየለዘበ «ዋይ» የሚሆነውና ባለ ስድስት ጎን የሚወጣው። አንድ ጎርፍ መጥቶ ሄደ ማለት አይደለም፤ ወቅት ነበረ፣ እየረጠበ እየደረቀ ደጋግሞ የተመላለሰ። እኔ ይህንን ጽሑፍ ሳነብ ነው ከሁሉ በላይ የተነካሁት፣ ምክንያቱም ስለ ሩቅ ኬሚስትሪ ሳይሆን ስለ ክረምትና በጋ ነው የሚያወራው።

በ2025 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ወፍራም ሸክላ ያለባቸውን 150 ያህል ቦታዎች ተመለከተ። በብዛት የተገኙት ዝቅ ባሉ፣ ጥንት ሐይቅ በነበረባቸው አካባቢዎች ነው፤ ወንዞች በኃይል ከቆራረጧቸው ቦታዎች ራቅ ብለው። ለጎጃም ገበሬ ይህ ዜና አይደለም። ተዳፋት ላይ አፈር አይቆይም፣ ይታጠባል፤ ረባዳው ነው የሚወፍረው። ማርስ ላይ ግን ጉዳዩ ከዚያ ያልፋል፤ የተረጋጋ ቦታ፣ ለረጅም ጊዜ ውሃ ያልራቀው፣ የማይሸረሸር ቦታ ሕይወት ጀምሮ ከነበረ ሊቆይበት የሚችል ቦታ ነው። ሸክላ ደግሞ ካርቦናዊ ቁሶችን በንብርብሩ መሃል ይዞ የማቆየት ጠባይ አለው። ፐርሲቪራንስ በ2024 ናሙና የወሰደበት ነጠብጣብ ያለበት ድንጋይም የጭቃ ድንጋይ ነው። በቀጣዩ ዓመት የታተመው ጥናት የሕይወት አሻራ ሊሆን ይችላል አለ። ነው አላለም፤ ሊሆን ይችላል ነው ያለው፣ እና ያንን ጥንቃቄ አከብራለሁ።

ሌላም ነገር አለ፤ ሸክላው ውሃውን ጠጥቶ አስቀርቶታል። በ2021 ኤቫ ሼለርና ባልደረቦቿ ባሰሉት መሠረት ማርስ ከነበራት ውሃ ከ30 እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ቅርፊቷ ውስጥ፣ ማዕድን ውስጥ ታስሮ ቀርቷል። ክልሉ በጣም ሰፊ ነው፤ ዝቅተኛው እንኳ ቢሆን ግን ብዙ ነው። ምድር ላይም ሸክላ ውሃ ያስራል፣ ግን የእኛ ቅርፊት እየተንቀሳቀሰ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ይሞቃል፣ ውሃው በእሳተ ገሞራ ተመልሶ ይወጣል። ማርስ እንዲህ ዓይነት መመለሻ የላትም። ሸክላ የገባው ውሃ እዚያው ቀረ። ሸክላን የውሃ ምልክት ብቻ አድርጎ ማየት የማልወደው ለዚህም ነው፤ ማርስን ካደረቋት ነገሮች አንዱ እሱ ነው።

አሁን የምጠብቀው ኦክሲያ ፕላነም የሚባለውን የማርስ ሜዳ ነው። የአውሮፓ ኅዋ ድርጅት ሮዛሊንድ ፍራንክሊን የተባለውን ሮቨር በ2028 ሊያስወነጭፍ አቅዷል፤ ብዙ ጊዜ የተራዘመ ነው፣ ይሳካ እንጂ። ቦታው በማርስ ካሉት ሰፋፊ የሸክላ ሜዳዎች አንዱ ነው፣ በጣም ጥንታዊ። ሮቨሩ እስከ 2 ሜትር ይቆፍራል፤ እስካሁን የተቆፈረው ሁሉ ሴንቲ ሜትሮች ነበሩ። ሁለት ሜትር ማለት ጨረር ያላቃጠለውን ሸክላ በንብርብሩ ቅደም ተከተል ማየት ማለት ነው። ወደ ታች በተሄደ ቁጥር አሉሚኒየሙ እየቀነሰ ማግኒዚየሙ ከበዛ፣ ከላይ የሰረገ ውሃ አለ። ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ሆኖ ክሎራይት ከታየበት፣ ለኤልማን ሐሳብ ትልቅ ድጋፍ ነው። ሌላ ቦታ ተሠርቶ በውሃ የመጣ ከሆነም የደለል መስመሩ ይታያል። ጄዜሮ ላይ በቱቦ ታሽገው የተቀመጡት ናሙናዎች ምድር ቢደርሱ ዕድሜያቸው ራሱ ይለካ ነበር። ግን የሚያመጣቸው ጉዞ እስካሁን ቁርጥ አልሆነም፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም በአራቱ ሐሳቦች መሃል ያለው ልዩነት በመጨረሻ የዕድሜ ልዩነት ነው፤ 4.5 ቢሊዮን ከሆነ እንፋሎቱ፣ 3.8 ከሆነ ሐይቁ።